ይህ የሐምሌ ነው

«ለተከበሩ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሆቴል በገንዘብ ተቀባይነት እሠራለሁ። አካውንቲንግ መማር ጀምሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋረጥሁ። አንድም ገንዘብ አጠረኝ፣ አንድም ጊዜው ተረበሸና መንገዱ ተዘጋ። በቅርቡ ለሠራተኞች ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ‹ዐይናችሁን ጨፍኑ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ያላችሁትን ራሳችሁን ተመልከቱ› አለን። አንዷ ቪላ አየች፣ አንዱ መኪና አየ፣ ሌላዋ ዱባይ ሱቅ ከፍታ አየች። እኔ ጨለማ ብቻ አየሁ። ተናገሪ ስባል እንባዬ ቀደመኝ። አሠልጣኙም በሰው ፊት ‹ራእይ የሌለው ሰው የትም አይደርስም› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ብቻዬን እሞክራለሁ፤ ያው ጨለማ ነው። ለእናቴ ብነግራት ‹ነገ የእግዚአብሔር ነው፤ አትድፈሪ› አለችኝ። እቁብ እጥላለሁ። ሁለት ጊዜ ወጥቶልኝ አንዱን ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁ፣ አንዱን ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ልብስና ስጦታ አዋልሁት። ትምህርቴን እቀጥላለሁ እላለሁ፤ መስከረም ይመጣል፣ መስከረም ይሄዳል። የጎደለኝ ነገር ምንድን ነው?
ጨለማ ያየሁት፣ ከፍኖተ ሰላም»

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያ ያንን ንግግር ከላይሽ ላንሣልሽ። ያ ሰው የተናገረው ልክ አይደለም፤ በሰው ፊት መናገሩ ደግሞ የባሰ ነው። አንቺ ያለፍሽባቸው ዓመታት እኮ ጠዋት የተከፈተ መንገድ ማታ የሚዘጋባቸው፣ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ የማይገባባቸው፣ ባሕር ዳር ያለ ዘመድ በስልክ የማይገኝባቸው ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የኖረ ልብ ከዛሬ ማታ አሻግሮ ማየት ቢተው ታሟል አይባልም። ደጋግሞ ተስፋ አድርጎ ደጋግሞ ስለተሰበረ እንደገና እንዳይሰበር ዐይኑን ሰብስቧል። ጨለማ ማየትሽን እንደ ነውር አትቁጠሪው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያየሽውን በእውነት የተናገርሽው ምናልባት አንቺ ብቻ ነሽ።

ደግሞም ከ10 ዓመት በኋላ ያለው የራስ ሰው ለማንም ቢሆን ባዕድ ነው። ሃል ኸርሽፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ይህንኑ መርምሯል። ሰዎች ከ10 ዓመት በኋላ ስላለው ራሳቸው ሲያስቡ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ በመሣሪያ ተከታተሉ። የታየው እንቅስቃሴ ሰው ስለ ዛሬው ራሱ ሲያስብ ከሚታየው ይልቅ ስለ ሌላ ሰው ሲያስብ ወደሚታየው ያደላ ነበር። ሰው ለማያውቀው ሰው ደግሞ የሚሰጠው የተረፈውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ይኸው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ባወጡት ሌላ ጥናት የወጣቶችን ፎቶግራፍ በኮምፒውተር አስረጅተው፣ ሽበቱንና የፊቱን መጨማደድ ጨምረው ለራሳቸው አሳዩአቸው። ከዚያ «ድንገት ገንዘብ ብታገኙ ለምን ለምን ትደለድሉታላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። ያረጀ ፊታቸውን ያዩት ለእርጅናቸው የመደቡት፣ የዛሬ ፊታቸውን ብቻ ካዩት ከእጥፍ በላይ ሆነ። ፊቱን ያወቁት ሰው ዘመድ ሆነባቸው ማለት ነው።

እኔ ይህን ነገር የተማርሁት ግን ከአያቴ ጓዳ ነው። ልጅ ሳለሁ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ከአያቴ ጋር እኖር ነበር። ከጓዳው ጥግ፣ ከትልቁ ጎታ ጀርባ፣ የዘር ጤፍ የያዘ ቅል ነበረ። አፉ በእበት ተመርጎ ይታሸጋል፤ እበቱ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሰኔ ሲገባ የትልቁ ጎታ ወለል ይታያል። ያን ጊዜ የምንበላው ድንችና ጎመን ነው፤ እሱም በልክ። አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ርቦት ሲያለቅስ አላስችል ቢለኝ ቅሉን አውርጄ እበቱን በጥፍሬ መላጥ ጀመርሁ። አያቴ ደረሱብኝ። አልተቆጡኝም። ቅሉን ከእጄ ተቀብለው፣ የላጥሁትን በእርጥብ እበት መልሰው መረጉና «ይህ የእኛ አይደለም፤ ይህ የሐምሌ ነው» አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ከጎረቤት በሰፌድ ዱቄት ተበድረው ተመለሱ። ወንድሜም በልቶ አደረ።

አያቴ «ስለ ወደፊቱ አስቢ» አላሉኝም። ለዘሩ ባለቤት አበጁለት። ባለቤቷ በዚያ ቤት ገና አልተወለደችም፤ ከአንድ ወር በኋላ ዝናብ እየወረደባት፣ እግሯ ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ የታረሰው ማሳ ዳር ቆማ ዘር የምትጠብቅ ሴት ናት። አያቴ ያቺን ሴት ያውቋት ነበር፤ በየዓመቱ ሆነዋታልና። ባዶ እጇን እንዳትቆም ብለው ተከራከሩላት፣ ደግሞ ለዛሬው ረኃብ ሌላ መንገድ ፈለጉለት።

እንግዲህ ወደ አንቺ እቁብ ልምጣ። ሁለቱንም ጊዜ ገንዘቡ እጅሽ የገባው ባለቤት ሳይኖረው ነው። ባለቤት የሌለው ገንዘብ ለጠየቀ ሁሉ ነው፤ ለወንድም፣ ለሠርግ፣ ለተቸገረ ጎረቤት። ስግብግብ ሁኚ ማለቴ አይደለም፤ ደግነትሽን እወድልሻለሁ። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሳይጠየቅ ቀረ። እሷም በመስከረም ኮሌጁ በር ላይ የምትቆመው አንቺ ነሽ። ሌሎቹ ሁሉ አፍ አላቸው፤ እሷ የላትም፤ ስለዚህ የሚናገርላት ያስፈልጋታል።

ጓደኞችሽ ስላዩት ቪላና መኪናም ልንገርሽ፤ አትቅኚባቸው። አገራችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይላል። ጋብሪኤለ ኤቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ምሁር ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት አጥንታለች። ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ ሴቶችን ተከታትላ፣ ቀጥነውና አምረው ራሳቸውን በምኞት ያዩት ከሌሎቹ ያነሰ ክብደት እንደቀነሱ አገኘች። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶችንም አየች፤ ጥሩ ሥራ አግኝተው ሲደሰቱ ደጋግመው ያለሙት ከሁለት ዓመት በኋላ ያገኙት የሥራ ዕድልም ደመወዝም ያነሰ ነበር። ምክንያቱ ለእኔ ግልጽ ነው። ቪላውን በሐሳቡ ገብቶ የተቀመጠበት ሰው አካሉም አርፎ ይቀመጣል፤ የደረሰ ይመስለዋልና። ስለዚህ ያ ሥልጠና ለጓደኞችሽም ብዙ የጠቀማቸው አይመስለኝም።

አባቴ በወጣትነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ ይዘው፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ። አንድ ጊዜ «ያን ጊዜ መሪጌታ መሆንን ያስቡ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እሱን የሚያስበው ገና የመጣ ተማሪ ነው» አሉኝ። ከሰነበተ በኋላ ተማሪ የሚያስበው ነገ መምህሩ ፊት ቆሞ ስለሚያቀርባት ጉባኤ ቃና ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት አጭር ቅኔ ናት። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሁለቷን ቤት ሲቆጥር ይውላል፤ መምህሩ ሲጠይቁት ምን እንደሚል፣ የቱ ላይ እንደሚያርሙት ሁሉ ቀድሞ ያየዋል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ጋ የሚደረሰው እንዲህ ነው። አባቴ ስለዚያ ሲያወሩ ዐይናቸው ያበራ ነበር፤ የሚያስታውሱት ግን ማዕረጉን አልነበረም፣ የዛፉን ጥላ ነበር።

ከዋሸራ በጣም ርቆ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ ጥናት ፈተና የቀረባቸውን ተማሪዎች ለያዩአቸው። ከፊሎቹ ጥሩ ውጤት አግኝተው ሲደሰቱ በየቀኑ እንዲያስቡ ተደረገ፤ ከፊሎቹ ደግሞ የትና መቼ ተቀምጠው እንደሚያጠኑ፣ ደብተሩን ሲከፍቱ፣ ቴሌቪዥኑን ሲያጠፉ እንዲያስቡ። የተሻለ ያጠኑትም የተሻለ ውጤት ያመጡትም ሁለተኛዎቹ ናቸው።

አሁን ማታ ማታ ስለምትሞክሪው ነገር እንነጋገር። ዐይንሽን ጨፍነሽ ፊትሽን መፈለግሽን ተዪው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመለሺ። የዛሬ 10 ዓመት 17 ዓመትሽ ነበር። ያቺ ልጅ የምትለብሰው ምን ነበር? ማንን ትፈራ ነበር? የገንዘብ ሳጥን ቁልፍ ይዛ፣ የማታ ሒሳብ አንዲት ብር ሳታጎድል የምታስረክብ፣ እቤት የሚገባው ዘይትና ዱቄት በእሷ ደመወዝ የሚገዛ ሴት እንደምትሆን ያኔ ማን ቢነግራት ታምን ነበር? አታምንም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት ከ18 እስከ 68 ዓመት ያሉ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። በሁሉም ዕድሜ ያሉ ሰዎች ባለፉት 10 ዓመታት ብዙ እንደተለወጡ ይናገራሉ፤ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ግን ብዙም የማይለወጡ ይመስላቸዋል። ሃያዎቹም ስድሳዎቹም ያው ናቸው። አንቺም ዛሬ ያለሽበት ወንበር የመጨረሻው ይመስልሻል። የ17 ዓመቷም እንዲሁ መስሏት ነበር። ከእሷ ጋር ጥቂት ተቀመጪ፤ ያለፈችበትን መንገድ ስታዪ፣ የሚመጣው ሰው ፊት ባይታይሽም የሚመጣ ሰው መኖሩን ታምኛለሽ።

ቀጥሎ ከራስሽ ፊት አትጀምሪ። የእኛ ሰው ብቻውን ቆሞ ራሱን አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህም ይመስለኛል ያ ነገር የጨለመብሽ። ከቡናው ጀምሪ። ከ10 ዓመት በኋላ አንድ ተራ እሑድ ነው እንበል። በዓል አይደለም፣ ምርቃትም አይደለም። ረከቦቱ ቀርቧል። ማን ማን ተቀምጧል? እናትሽ ያኔ ስንት ዓመቷ ይሆናል? ጉልበቷስ እንዴት ነው፣ በርጩማ ላይ ናት ወይስ የተደገፈችው ወንበር አላት? ወንድምሽ ሥራ ይዞ መጥቷል? ከጎኑስ ማን አለች? ሲኒው ስንት ነው? እነዚህን አንድ በአንድ ስታዪ፣ ቡናውን የሚቀዳ አንድ እጅ መኖሩን ታስተውያለሽ። ያ እጅ ያንቺ ነው። ከእጁ ተነሥተሽ ወደ ፊቱ ሂጂ። ማክሰኞ ጠዋት ያ እጅ የት ይገባል፣ የየትኛውን ቢሮ በር ይከፍታል ብለሽ ጠይቂ። ማክሰኞን እመርጣለሁ፤ ሕይወት የሚበዛው በተራ ቀን ነውና።

ይህን በጽሑፍ አድርጊው። ላውራ ኪንግ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ጥናት ሰዎች ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ነገራቸው ሁሉ በተቻለ መጠን ተሳክቶ የሚኖሩትን የወደፊት ሕይወት እንዲጽፉ አድርጋ መንፈሳቸው እንደ ተሻለ አይታለች። አንቺም አራት ማታ ስጪው። የመጀመሪያውን ማታ የ17 ዓመቷን ጻፊ፣ ሁለተኛውን ቡናውን፣ ሦስተኛውን ማክሰኞን። በአራተኛው ማታ የምትፈሪያትን ሴት ጻፊ። አዎ፣ እሷንም። በ37 ዓመቷ እዚያው ሣጥን ጀርባ ቆማ፣ እግሯ አብጦ፣ ከእሷ በኋላ የመጡት አልፈዋት ሲሄዱ የምታይ። ሄዘል ማርከስና ፓውላ ኑሪየስ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለዚህ ሲጽፉ ሰው የሚመኘውን ማንነት ብቻ ሳይሆን የሚፈራውንም ተሸክሞ እንደሚኖርና ሁለቱም እንደሚነዱት ገልጸዋል። ጨለማው ውስጥ የተደበቀችው ምናልባት እሷ ትሆናለች። ወረቀት ላይ ስትወጣ መጠኗ ይታወቃል። አራተኛው ማታ ቢከብድሽ ግን እዚያው አቁሚና ከጓደኛሽ ጋር ተነጋገሪ። ሐዘኑ ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍም ከነሣሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ንገሪያቸው፤ ይህ በምክር ብቻ የሚታለፍ ላይሆን ይችላል።

አሥር ዓመት አሁንም ከራቀብሽ አሳጥሪው። በእኛ ሁኔታ እኔም ብሆን ለብዙ ሰው የምመክረው ከመስከረም እስከ መስከረም ነው። ከአንቺ ከተማ በቡሬ በኩል ከእንጅባራ አለፍ ብሎ ባለው ፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ለዓመታት ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ሲተክል ኖሯል። ዛፉን ቆርጠው ከሰል የሚያወጡት በአራትና በአምስት ዓመቱ ነው። ገበሬው ግን ያን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፣ ቀጥሎ ከሥሩ ሣር ያጭዳል። የራቀው ነገር በየመንገዱ ያጎርሰዋል። የአንቺም ትምህርት እንዲሁ ይሁን። ገና ዲፕሎማው ሳይመጣ የሆቴላችሁን ሒሳብ ሠራተኛ የወሩ ሒሳብ ሲዘጋ አጠገቡ እንድትቀመጪ ጠይቂው። ደረሰኝ መደርደር፣ ከባንክ መግለጫ ጋር ማመሳከር በእጅሽ ይግባ። የተማርሽው በሥራሽ ላይ ሲታይ አለቃሽም ያያል፤ አንቺም ያቺን የማክሰኞ ሴት በመስታወት በጥቂቱ ማየት ትጀምሪያለሽ።

እናትሽ ስላሉት ነገር፤ እናትሽን አክብሪ፣ አትከራከሪያቸው። ነገ የእግዚአብሔር ነው ማለት እውነት ነው። ግን የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜ ይታረሳል፤ የሚያርሰውም ይኸው «እግዚአብሔር ቢፈቅድ» የሚለው ገበሬ ነው። ድፍረት ብሎት አያውቅም። እናትሽ የሚፈሩት ተስፋ አድርገሽ እንዳትጎጂ ይመስለኛል፤ ቡናውን የጻፍሽበትን ገጽ አንድ ቀን አንብቢላቸው። በዚያ ገጽ ላይ እሳቸውም አሉበት።

አሁን እንቅፋቱን አስቀድመን እንየው። ኤቲንገን ከምኞቱ ቀጥሎ ወዲያው በራስ ውስጥ ያለውን መሰናክል ማየት፣ ከዚያም «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መቁረጥ ያስፈልጋል ትላለች። ያንቺ መሰናክል ስንፍና አይደለም። ወንድምሽ በር ላይ ቆሞ ሲያይሽ እምቢ ማለት አለመቻልሽ ነው። እሱን የምትፈቺው በዚያች ሰዓት በምታመጪው ጽናት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት ጽናት የለም። ስለዚህ ቅሉን አስቀድመሽ አሽጊው። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «እቁቡ በወጣልኝ ቀን ገንዘቡን ይዤ ቤት ከመግባቴ በፊት የኮሌጁን ክፍያ እከፍላለሁ፤ ኮሌጁ ገና ካልመዘገበም በሌላ የባንክ ደብተር አስገባዋለሁ።» ለወንድምሽም ዛሬውኑ፣ ገንዘቡ ሳይመጣ፣ ንገሪው። «ይህኛው እቁብ የመስከረም ነው» በዪው። ከተቸገረ አያቴ እንዳደረጉት ሌላ መንገድ አብራችሁ ፈልጉ፤ ከደመወዝሽ የምትችዪውን ስጪው፣ ወይም የሚሠራበትን አፈላልጊለት። የዘሩን ቅል ግን አትክፈቺለት።

የአጎትሽ ልጅ ሠርግ አልፏል፤ እሱን አትቆጪበት።

በዚህ ሳምንት ከሥራ የምታርፊበት ቀን የት ላይ ነው? በዚያ ቀን ኮሌጁ ሬጅስትራር ሂጂ። የድሮውን መታወቂያሽንና የጨረስሽባቸውን ሴሚስተሮች የውጤት ወረቀት ያዢ፤ ከጠፋብሽ የመግቢያ ቁጥርሽን ብቻ ብታስታውሺ ይፈልጉልሻል። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ያለፍኋቸው ኮርሶች ይያዙልኛል ወይ፣ የማታ ወይም የቅዳሜና እሑድ ክፍል አለ ወይ፣ ምዝገባው የሚዘጋው መቼ ነው። ያቋረጥሽበትን ምክንያት ሲጠይቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ በእነዚህ ዓመታት ያቋረጥሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። በተመለስሽበት ማታ ጻፊልኝ። አጭር ቢሆንም ግድ የለም፤ ምን እንዳሉሽ ብቻ።